የአማቱ ኮምፒዩተር

መሥሪያ ቤት ውስጥ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሪስታርት» ነው የሚለው። የትኛውም ክፍል ኮምፒዩተር ተበላሸብኝ ብሎ ቢደውል፣ ከወንበሩ ሳይነሣ በመጀመሪያ የሚናገረው «እስቲ ሪስታርት አድርጉት» ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይስተካከላል። ሰዎቹ ግን ነገሩን ከስንፍና ቆጥረው ይስቁበታል። እሱም መጀመሪያ መጀመሪያ ይከፋው ነበር፤ በኋላ ለመከፋትም ጉልበት ይጠይቃልና ተወው። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ፣ የሰው ማማረር ሲሰማ፣ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር መንጋጋ ሲያላቅቅ ይውልና ማታ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ያንቀላፋል።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የተተበተበ ገመድ ሲፈታ ስልኩ ጮኸ። ከኪሱ ለማውጣት ሲገላበጥ ግንባሩን ከመሳቢያው ጋር አጋጨው። የደወሉት አማቱ ነበሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰማያዊ መጣ» አሉት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

እዚያው ጠረጴዛው ሥር እንደተጋደመ ዓይኑን ጨፈነ። ቅዳሜ እንደሚመጣ ነግሯቸው ዘጋ።

አማቱ የሚላቸው እንግዲህ ከልማድ ነው። ከልጃቸው ጋር ከተለያየ ቆይቷል። አልተደባደቡም፣ ሽማግሌ አላስቸገሩም። ልጅ አልወለዱም፣ የሚካፈሉት ንብረትም ይህ ነው የሚባል አልነበረም። አንድ ምሽት ሁለቱም ከሥራ ደክሟቸው መጥተው ተቀመጡ፤ የሚያወሩት ነገር አጡ፤ እንዲህ ሆነን ከምንኖር ብለው ተለያዩ። ሚስቱን እንግዲህ ፈታ። አማትን የሚያፋታ ዳኛ ግን የለም። ድሮ «እማዬ» ይላቸው ነበር፤ ከፍቺው ወዲህ ቃሉ አልወጣ ይለዋል። «እትዬ» እንዳይል ደግሞ እንደ ባዕድ መግፋት መሰለው። ስለዚህ ምንም ሳይጠራቸው ማውራትን ተማረ። ሰውን ሳይጠሩ ማውራት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቤታቸው ተቀምጠው የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ይተይባሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ወገባቸውም አልፎ አልፎ ይይዛቸዋል፤ ጣቶቻቸው ግን ኪቦርዱ ላይ ሲወርዱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የጣለ ይመስላል። ሰው ሲመጣ ቀና ብለው እያዋሩ መተየብ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግባቸው ያ ሰማያዊ ስክሪን ነው። እየሠሩ ሳለ ገጹ እልም ይልና ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ይሆናል። መሐሉ ላይ አንድ የይቅርታ ቃልና ማንም የማይገባው ኮድ ይወጣል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ሴቭ ያልተደረገውንም ሁሉ ውሃ ይበላዋል።

ሪስታርት ለዚህ ነገር ስንቴ እንደተመላለሰ መቁጠር ትቷል። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ድራይቨር የሚባሉትን ፕሮግራሞች አድሶ ሄደ። ቀጥሎ ሣጥኑን ከፍቶ እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረውን አቧራ ጠረገ፣ ፋኑንም ዘይት አቀመሰው። ሌላ ጊዜ ቫይረስ ነው ብሎ ሁሉንም ፎርማት አድርጎ ሲስተሙን ከሥር ጫነው። ሃርድ ዲስኩንም ቀየረው። በየጊዜው ማሽኑ እሱ ፊት ጨዋ ነው። ልክ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሕመሙ ጥሎት እንደሚጠፋ በሽተኛ እሱ እያለ ምንም አይለውም፤ ዞር ሲል ይጀምረዋል። አማቱ በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ይልኩለታል። ፎቶው ላይ ሰማያዊው ስክሪን፣ ከስክሪኑ ውስጥም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉት የራሳቸው ጥላ ይታያል። ኮዱ አንድ ቀን አንድ፣ ሌላ ቀን ሌላ ነው።

«በየቀኑ ሌላ ምክንያት ነው የሚሰጠኝ» ብለውት ነበር አንዴ። «ውሸታም ሰው ነው የሚመስለው።»

ይህች ንግግር ልቡ ውስጥ ቀርታለች። ኮዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ራሙ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ እየሠራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ እንደሆነ ያውቃል። መሥሪያ ቤት ቢሆን መጀመሪያ እሱን ነበር የሚፈትሸው። ነገር ግን ራም በደንብ ይፈተሽ ከተባለ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። እዚያ ቤት ደግሞ ቁጭ ብሎ መዋል አልፈለገም። እናም በየጊዜው ቶሎ የሚያልቀውን እየሠራ፣ ሻይ ሲቀርብለት ግማሹን እየተወ፣ ይወጣ ነበር።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ፋርማሲ ውስጥ ቆማ የምትውል፣ እግሯ የሚያብጥባት፣ ምላሷ ግን የማይደክማት ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ካቻቪቴውንና ፍላሹን ቦርሳው ውስጥ ሲከት አየችው።

«ደግሞ ሄድክላቸው?» አለችው። «አንተ ሰውዬ፣ አይገባህም እንዴ? ኮምፒዩተሩ ምንም አልሆነም። ሴትዮዋ ልታስታርቃችሁ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ነገራት። መንገድ ላይ ግን ሐሳቡ አልለቀቀው አለ። ምናልባት እውነቷን ይሆን? እውነቷን ቢሆንስ ደስ ይለዋል ወይስ ይከፋዋል? አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አግኝቶ፣ መስኮቱን ተደግፎ ወዲያና ወዲህ አሰበው። ብቻ ይህ ነገር ዛሬ ማለቅ አለበት ብሎ ወሰነ። ራሙን ይፈትሻል። ካልሆነ ሱቅ ይውሰዱት ብሎ በግልጽ ይነግራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አይመጣም።

ኮምፒዩተሩ ያለበት ክፍል ድሮ እሱና ሚስቱ የኖሩበት ነው። እንደ ተጋቡ የራሳቸውን ቤት እስኪያገኙ እዚያ ተቀምጠው ነበር። አልጋው ወጥቶ ጠረጴዛ ገብቷል። የመስኮቱ መጋረጃ ተቀይሯል፤ ከመስኮቱ ባሻገር የሚታየው የጎረቤት የውሃ ታንከርና የተላጠ ግድግዳ ግን ያው ነው። በሩ ዛሬም ሲዘጋ ከታች ይፍቃል። በሩን አሠራለሁ እንዳለ ሳያሠራው ነበር ከዚያ ቤት የወጣው።

አማቱ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር። አንዲት ተማሪ ጽሑፏን ልታስረክብ ቀኑ ደርሶባታል፤ ሐሙስ ዕለት ኮምፒዩተሩ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በልቶባቸዋል። ሁለተኛ ተይበውት ትናንት ደግሞ ከመሐል ቆርጦ ጣለባቸው። ተማሪዋ በስልክ ስታለቅስባቸው እሳቸውም አብረው ሊያለቅሱ ምንም እንዳልቀራቸው ነገሩት።

«ዛሬ እውላለሁ» አላቸው። «ምርመራው ረጅም ነው።»

አማቱ ቀና ብለው አዩት። አላመኑትም መሰለ።

ፍላሹን ሰካና የራም መመርመሪያውን አስነሣው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ ቁጥሮች መሮጥ ጀመሩ። የሚነካ ነገር የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። አማቱ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ስበው የታተመውን ረቂቅ ጭናቸው ላይ ዘረጉ፤ ማስመሪያ ከየመስመሩ ሥር እያስያዙ ስሕተት መልቀም ያዙ። ከውጭ አንዲት ሴት ጄሪካን ስትጎትት ይሰማል። ሪስታርት ቁጥሮቹን ሲያይ ሲያይ አንገቱ ዘንበል አለና እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

ሲነቃ ትከሻው ላይ ሹራብ ጣል ተደርጎለታል። ሻዩ ቀዝቅዟል። የመጀመሪያው ዙር ምርመራ አልቆ አንድም ስሕተት አላሳየም፤ ሁለተኛው ዙር እየሄደ ነው። ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ራሙ ደህና ከሆነ የቀረው ሁሉን የሚያገናኘው ማዘርቦርዱ ነው፤ ማዘርቦርድ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ አለቀለት። እህቱ ያለችውም ወደ አእምሮው መጣ። እሱ እያለ አንድም ቀን ሰማያዊ ያልሆነ ኮምፒዩተር! ፎቶዎቹ ግን አሉ። ፎቶ ውሸት አይሆንም። ቢሆንም ደክሞት ስለነበር፣ የደከመ ሰው ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማይችል፣ ስክሪኑን እያየ ጠየቃቸው።

«የሚደውሉልኝ ለኮምፒዩተሩ ብቻ ነው?»

ማስመሪያው ቆመ። አማቱ መነጽራቸውን አወለቁና በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉት።

«አይደለም» አሉ።

እህቴ እውነቷን ነው አለ በልቡ። ምን እንደሚመልስላቸው ማሰብ ጀምሮ ነበር።

«ልታገባ ነው» አሉት አማቱ። «ቀለበት ካሰሩ ቆይተዋል። ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ባለፈው ልነግርህ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ልነግርህ ነበር። አንተ ግን ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ሳያበቃ ጃኬትህን ለብሰህ ትቆማለህ። ለቆመ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።»

ሪስታርት ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ቁጥሮቹ ይሮጣሉ። የሚያመው ቦታ የት እንደሆነ በልቡ ፈለገው፤ ጥርሱ የተነቀለ ሰው በምላሱ እንደሚዳብስ ዳበሰው። ሕመም አልነበረም። አለመኖሩ አስደነገጠው። ያለው ድካም ብቻ ነው፤ ግን የሥራው ዓይነት ድካም አይደለም። ሳያውቀው ተሸክሞት የከረመውን ነገር አውርድ ተብሎ፣ አውርዶ፣ ክንዱ የሚንቀጠቀጥበት ዓይነት ነው።

«ደህና ሰው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ደህና ነው። ወሬ ያበዛል» አሉ አማቱ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት፦ «ያደክመኛል።»

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። አጭር ሳቅ ነበር፤ ቶሎ አለቀ። ከዚያ አማቱ ስለ ሰውየው፣ ስለ ሥራው፣ ልጃቸው ፊቷ እንዴት እንደ ተፈታ፣ ብዙም ሳያስውቡ ብዙም ሳይሸፍኑ ነገሩት። እሱ እየመጣ ኮምፒዩተር እንደሚሠራላቸው ልጃቸው ታውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ታውቃለች፤ ለምን ታደክሚዋለሽ፣ ሰው አጥተሽ ነው ወይ እያለች ትቆጣቸዋለች። አዲሱ እጮኛም ሌላ ኮምፒዩተር ልግዛልዎት ብሎ ነበር። አማቱ እምቢ አሉ። ለምን እምቢ እንዳሉ ግን አልተናገሩም፤ እሱም አልጠየቃቸው።

«እንግዲህ ነገርኩህ» አሉ። «አሁን ከፈለግህ ተወውና ሂድ። ሱቅ እወስደዋለሁ። አልቀየምህም።»

እሱም ይህንኑ ሊላቸው ነበር የመጣው። ግን አፉ ሌላ ተናገረ።

«አልሄድም» አላቸው። «ዛሬ እናገኘዋለን።»

የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ አተላው ጠጣው። አማቱ ሊያሞቁለት ብርጭቆውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እሳቸው እዚያ እያሉ ከነጫጭ ቁጥሮቹ መሐል አንድ ቀይ መስመር ብቅ አለ። ሪስታርት ከወንበሩ ተነሣ። ሌላ ቀይ መስመር። ከዚያ ስክሪኑ ታች ድረስ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ቁስል አፉን የከፈተ መሰለ።

«ይምጡ! ይምጡ!» ብሎ ተጣራ። ባለሙያ ሆኖ ዘመኑን ሙሉ ብልሽት ሲያይ የኖረ ሰው፣ ብልሽት በማየቱ እንዲህ ደስ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

አማቱ ብርጭቆውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ሞቶ እንደሆነ ጠየቁ። እንዳልሞተ፣ ይልቁንም እንደተናዘዘ ነገራቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ሣጥኑን ከፈተው። ራሞቹ ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ሁለቱንም ነቅሎ ከአማቱ ላጲስ ተቀበለና የራሞቹን ወርቃማ የመሰኪያ ጥርሶች እድፍ ቀስ አድርጎ አሸ። አንዱን ብቻ ሰክቶ መረመረ። ይህኛው ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ሆነ። እሱን አውጥቶ ሁለተኛውን ሰካ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀዩ ወረደ። የተሰካበት ቦታ እንዳይሆን ጥፋተኛው ብሎ ወደ ሌላው ቀዳዳ አዛወረው። ቀዩ ተከትሎት ሄደ። በቃ፣ ራሱ ነው። በየመሐሉ ባለው ጊዜ አማቱ ምሳ አቀረቡ፣ እሱም በላ። ረቂቁንም ተካፍለው ስሕተት ለቀሙ፤ እሳቸው ያላዩዋቸውን አንዳንድ የፊደል ግድፈቶች ሲያሳያቸው ዓይናቸው መድከሙን አምነው አጉረመረሙ።

ለምን እሱ ሲኖር እንደማያስቸግርና እሳቸው ሲሠሩ እንደሚወድቅ አስረዳቸው። ራሙ የተበላሸው ጫፉ አካባቢ ነው። እሱ ሲመጣ አንድ ሁለት ነገር ከፍቶ ዘግቶ ይሄዳል፤ ማሽኑም እዚያ ጫፍ ሳይደርስ ይውላል። እሳቸው ግን ፎቶና ሠንጠረዥ የሞላበትን ረጅም ጽሑፍ ይከፍታሉ፣ ሌላም ሌላም ይደርባሉ፤ ያኔ የበሰበሰውን እንጨት ይረግጣሉ። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ የመጀመሪያ ቀን ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ቀን ይገኝ እንደነበርም ነገራቸው። አማቱ ላጲሳቸውን አንሥተው ወደ መሳቢያው መለሱ። ግድ የለህም አላሉትም፣ አልወቀሱትምም።

በቀረው አንድ ራም ማሽኑ ቀስ እንደሚል፣ ግን እንደማይወድቅ፣ ሌላ ራም ፈልጎ እንደሚያመጣ ነገራቸው። አማቱ ተቀምጠው የተማሪዋን ጽሑፍ ከፈቱ። ከፍቶ እስኪጨርስ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ጣቶቻቸው ወረዱ። መጀመሪያ በየመስመሩ እየቆሙ ሴቭ ያደርጉ ነበር፤ እየቆየ ረሱት። ሪስታርት ሣጥኑን ከድኖ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያዳምጣቸው ቆየ። ምዕራፉ ሲያልቅ ሰማያዊ ነገር አልመጣም።

ሊወጣ ሲል አማቱ በር ድረስ ሸኙት። ጉንጩን ስመው ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ ወዲያው የኪቦርዱ ድምፅ በመስኮት ተሰማው።

ቤት ሲደርስ እህቱ እግሯን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ ቴሌቪዥን ታያለች። ምን እንደተባለ ቶሎ እንዲነግራት በዓይኗ ጠየቀችው። ለማስታረቅ እንዳልሆነ፣ ልጅቷ ልታገባ እንደሆነ ነገራት። አንድ ነገር ተናግራ የምትስቅበት መስሎት ጠበቀ። እህቱ ግን ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«እኔ እኮ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ዕንባዋ ወረደ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታሾፍ የነበረችው ተመኝታ ኖሯል። ልጅቷን እንደምትወዳት፣ ከተለያዩም በኋላ በሥርቆሽ ትደውልላት እንደነበር፣ ተመልሳ ትመጣለች ብላ እንደጠበቀች ያን ምሽት ነገረችው። ሪስታርት ጎኗ ተቀመጠ። ሐዘኑ የሱ ነው ሲባል እሱ አጽናኝ ሆነ። የሚያጽናናበት ቃል ስላልነበረው ስለ ራሙ አወራላት፦ ሁለት እንደነበሩ፣ አንዱ እንደተበላሸ፣ ማሽኑ በአንዱም እንደሚሠራ፣ ቀስ ይላል እንጂ። እህቱ አንዱም አልገባት። ግን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ውሃው ሲቀዘቅዝ ሳፋውን አንሥቶ ደፋላት፣ ፎጣ አቀበላት። ከዚያ ልብሱን እንኳ በወጉ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወደቀ። እሑድ ከረፋዱ በኋላ በሩን ከፍታ አየችው፤ አሁንም ተኝቷል። ስልኩን ከትራሱ ሥር ስባ አወጣችና አጠፋችው፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችለት።